ጌይኑ ወርዷል የተባለው አምፕሊፋየር፦ በጅማ አንድ ላቦራቶሪ የታየ የሶርስ ፓወርና የአቴኑዌተር ጉዳይ

መነሻው

ጅማ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የኤፍኤም ማሰራጫ ጉልበቱ ቀነሰ። የጣቢያው ቴክኒሺያን የመጨረሻውን የኃይል ደረጃ ፈትሾ ደህና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ጥርጣሬው ከዚያ በፊት ባለው ድራይቨር አምፕሊፋየር ላይ አረፈ። ድራይቨሩ በደህናው ጊዜ 0.8 ዋት አካባቢ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። ጣቢያው ያለው መለኪያ ዋትሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ተፈቶ ቬክተር ኔትወርክ አናላይዘር (ሲግናል ልኮ ያለፈውንና የተንጸባረቀውን የሚለካ መሣሪያ)፣ በአጭሩ ቪኤንኤ፣ ወዳለበት የከተማዋ አንድ የትምህርት ተቋም ላቦራቶሪ ተወሰደ።

ላቦራቶሪው ለካና ጌይኑ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን፣ በ6 ዲቢ (ዴሲቤል፤ በኃይል ወደ ሩብ) ወርዷል የሚል ውጤት ሰጠ። ትራንዚስተር አዲስ አበባ ታዘዘ፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭኖ መጣና ተቀየረ። ዳግም ሲለካ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አሮጌው ትራንዚስተር ተመልሶ ሲገባም ያው ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ጥያቄው ከቦርዱ ወደ መለኪያው አቀማመጥ የዞረው።

የሚለካው ዕቃና መለኪያው

ድራይቨሩ ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ የሚነዳው በ12 ቮልት ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ጌይን 36 ዲቢ ነው። 1 ዲቢ ኮምፕረሽን (አምፕሊፋየሩ መጥገብ ጀምሮ ጌይኑ በ1 ዲቢ የሚቀንስበት ነጥብ) የሚደርስበት የውጤት ኃይል ደግሞ +29 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር የተሰላ ዴሲቤል) ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ሦስተኛ ቁጥር ይሰጣሉ። በዚያ ነጥብ ላይ ጌይኑ 35 ዲቢ ስለሚሆን ግቤቱ 29 ሲቀነስ 35፣ ማለትም −6 ዲቢኤም ነው። ከ−6 ዲቢኤም በላይ የሚገባ ሲግናል አምፕሊፋየሩን ከመስመራዊ ክልሉ ያስወጣዋል። ይህ ቁጥር በአምፕሊፋየሩ ሰነድ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ለቪኤንኤ ሥራ ግን ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት እሱ ነው።

መለኪያው የጠረጴዛ ቪኤንኤ ነው፤ ሁለት ፖርት አለው፤ ሶርስ ፓወሩ (የሚልከው ሲግናል ኃይል) ከ−45 እስከ +10 ዲቢኤም ይስተካከላል። ውስጡ ሜካኒካል ስቴፕ አቴኑዌተር (ሲግናልን በደረጃ የሚያዳክም ክፍል) የለም። ከፖርቱ አጠገብ የጉዳት ወሰኑ ተጽፏል፦ +26 ዲቢኤም እና 35 ቮልት ዲሲ። +26 ዲቢኤም 400 ሚሊዋት ነው። 1 ዋት ሊሰጥ የሚችል አምፕሊፋየር በቀጥታ ከፖርት 2 ጋር ከታሰረ ወሰኑን በ4 ዲቢ ያልፋል።

ላቦራቶሪው ይህን አይቶ አምፕሊፋየሩ ውጤት (መውጫ) ላይ 20 ዲቢ፣ 2 ዋት የሚችል አቴኑዌተር አስሮ ነበር። ካሊብሬሽኑም (መለኪያውን በታወቁ ዕቃዎች ማረም) የተሠራው ከአቴኑዌተሩ ጫፍ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የአምፕሊፋየሩ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም።

የመጀመሪያው ልኬት

ሶርስ ፓወሩን የነካው ሰው የለም። መሣሪያው ሲበራ የሚነሳው በ0 ዲቢኤም ነው፤ እንደዚያው ቀረ። 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት ነው፤ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ጌይኑ 36 ዲቢ የሆነ አምፕሊፋየር ግን ያንን 4 ዋት ላድርገው ብሎ ይሞክራል። መስጠት የሚችለው 1 ዋት፣ +30 ዲቢኤም ነው። ስለዚህ ቪኤንኤው 30 ሲቀነስ 0 ብሎ 30 ዲቢ ጌይን አሳየ። ጎድሏል የተባለው 6 ዲቢ ይኸው ነው። ትራንዚስተሩ አልደከመም፤ ጠግቧል።

ስክሪኑ ላይ አንድ ፍንጭ ነበር። የኤስ21 (ከፖርት 1 ወደ ፖርት 2 የሚያልፈው፣ ማለትም የጌይኑ) መስመር በባንዱ ሙሉ ከ0.4 ዲቢ የማይበልጥ ልዩነት ብቻ ይዞ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። የዚህን ያህል ቀጥ ያለ መስመር ሲታይ ጥሩ ዲዛይን ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እዚያም የሆነው ይኸው ነው። ነገር ግን በኮይልና በካፓሲተር የተገጣጠመ ባለ ሁለት ደረጃ አምፕሊፋየር በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ውስጥ ጥቂት መውጣትና መውረድ ይኖረዋል። የጠገበ አምፕሊፋየር ግን ከጣሪያው በላይ መውጣት ስለማይችል ጉብታዎቹ ሁሉ ይደፈጠጣሉ። በኋላ በዝቅተኛ ፓወር ሲለካ ከ88 ወደ 108 ሜጋኸርዝ 2.5 ዲቢ የሚወርድ ቁልቁለት ብቅ ብሏል።

መጀመሪያ የተሞከረው መፍትሔና ለምን እንዳልሠራ

ፓወሩ በዝቷል የሚለው ሐሳብ ሲነሳ የተወሰደው እርምጃ ሌላ 20 ዲቢ አቴኑዌተር ፈልጎ ፖርት 1 ላይ፣ ከአምፕሊፋየሩ ግቤት በፊት ማሰር ነበር። ካሊብሬሽኑ አልተደገመም፤ 20 ዲቢ በእጅ ይደመራል ተባለ።

ጌይኑ ወዲያው ተስተካከለ፤ ሲደመር 35.8 ዲቢ ሆነ። በኋላ ከተገኘው 36.2 ዲቢ 0.4 ያህሉ የጎደለው የአቴኑዌተሩ ትክክለኛ መጠን 20.4 ስለነበር ነው። ርካሽ አቴኑዌተሮች ላይ ይህን ያህል ልዩነት የተለመደ ነው። ያለ ካሊብሬሽን በእጅ መደመር ሁልጊዜም ይህን ስህተት ይዞ ይመጣል።

ችግሩ ኤስ11፣ ማለትም ከግቤቱ ወደ ፖርት 1 የሚንጸባረቀው፣ ላይ ነበር። ስክሪኑ −25 ዲቢ አሳየ፤ ግቤቱ እጅግ ተስማሚ ነው እንደ ማለት ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ከፖርት 1 የወጣው ሲግናል አቴኑዌተሩን አልፎ አምፕሊፋየሩ ጋ ሲደርስ 20 ዲቢ ያጣል፤ ከዚያ ተንጸባርቆ ሲመለስ ሌላ 20 ዲቢ ያጣል። አምፕሊፋየሩ በትክክል ያለው ነጸብራቅ −9 ዲቢ ነው። ድምሩ −49 ዲቢ ይሆናል። የአቴኑዌተሩ የራሱ ነጸብራቅ ግን −25 ዲቢ አካባቢ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የታየው እሱ ነው። በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ጆሮ አስደግፎ የልብ ምት እንደ ማዳመጥ ነው፤ የሚሰማው የብርድ ልብሱ ኮሽታ ነው።

አምፕሊፋየሩ ጠፍቶም ቢሆን፣ ከአቴኑዌተሩ ጫፍ ተነቅሎም ቢሆን ኤስ11 ከ−25 ዲቢ ብዙም አልተነቃነቀም። አንድን ልኬት ለመጠርጠር ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም፦ ዕቃውን አንሳው፣ መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ዕቃውን እየለካህ አልነበረም።

ካሊብሬሽኑ ከአቴኑዌተሩ ጫፍ ቢደገምስ? በመርህ ደረጃ ስህተቱ ይቀነሳል። በተግባር ግን መሣሪያው 40 ዲቢ የደከመ ሲግናልን ከራሱ የዳይሬክቲቪቲ ስህተት (የተላከው ሲግናል ውስጥ ለውስጥ አፈትልኮ ነጸብራቅ መስሎ ከሚታይበት) ውስጥ መለየት አለበት። ኬብሉ ትንሽ ከተነካ፣ ክፍሉ ትንሽ ከሞቀ ቅነሳው ይዛነፋል። ተሞክሯል። ከካሊብሬሽኑ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ኦፕን (ሁሉን የሚያንጸባርቅ የካሊብሬሽን ክፍት ጫፍ) ሲታሰር መስመሩ ከ0 ዲቢ በ2 እና በ3 ዲቢ ርቆ ተገኘ። ትክክል ነው ሊባል የሚችል ኤስ11 በዚህ መንገድ አይገኝም።

ፓወሩን ከመሣሪያው መቀነስ

የፖርት 1 አቴኑዌተር ተነሳ። ፓወሩ ከሜኑው ወደ −30 ዲቢኤም ወረደ። ቁጥሩ የተመረጠው ከግቤት ኮምፕረሽን ነጥቡ፣ ከ−6 ዲቢኤም፣ ወደ ታች 20 ዲቢ ርቀት ከተያዘ በኋላ ትንሽ ተጨምሮበት ነው። በ10 ዲቢ ርቀት እንኳ የኮምፕረሽኑ ጥላ የአንድ ዲቢ አሥረኛ አካባቢ ሊቀር ይችላል፤ 20 ዲቢ ሲሆን ከልኬቱ ስህተት በታች ይገባል።

ኤስ21 ወዲያው 36.2 ዲቢ ሆነ፤ መስመሩም ንጹሕ ነው። ይህ አያስገርምም፤ −30 ሲደመር 36 ሲቀነስ 20 ብሎ ፖርት 2 ላይ የሚደርሰው −14 ዲቢኤም ስለሆነ ለሪሲቨሩ የተመቸ ነው። ኤስ11 ግን ወደ −9 ዲቢ ቢመጣም መስመሩ ሳር ሳር አለ፤ በግማሽ ዲቢ ያህል ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል። የተንጸባረቀው ሲግናል −39 ዲቢኤም ነው፤ ብዙ ነው። ታዲያ ይህ ድምፅ (ኖይዝ፣ ማለትም የማይፈለግ መዋዠቅ) ከየት መጣ?

ከኤስ12 ነው። ሙሉ የሁለት ፖርት ካሊብሬሽን ኤስ11ን ሲያርም አራቱንም ልኬቶች ይጠቀማል። በማረሚያው ውስጥ የኤስ21 እና የኤስ12 ብዜት አለ። ኤስ12 የአምፕሊፋየሩ የኋላ መንገድ ስለሆነ −50 ዲቢ አካባቢ ነው። ፖርት 2 በ−30 ዲቢኤም ሲተኩስ 20 ዲቢ አቴኑዌተሩ ወስዶ፣ 50 ዲቢ አምፕሊፋየሩ ወስዶ ፖርት 1 ላይ የሚደርሰው −100 ዲቢኤም ነው። የሪሲቨሩ የድምፅ ወለል በ30 ኪሎኸርዝ አይኤፍ ባንድዊድዝ (ሪሲቨሩ በአንድ ጊዜ የሚያዳምጠው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ኤስ12 ተብሎ የተነበበው ድምፅ ብቻ ነው፤ ያ ድምፅ በ36 ዲቢ ጌይን ተባዝቶ ኤስ11 ውስጥ ገባ። ከፍተኛ ጌይን ያለው አምፕሊፋየር በዝቅተኛ ፓወር ሲለካ ይህ ደጋግሞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ኬብሉ ወይም ኮኔክተሩ ይወቀሳል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሁለቱ ፖርቶች ፓወር እኩል እንዲሆን የሚያደርገው ማጣመሪያ ተላቀቀ፤ ፖርት 1 በ−30 ቀርቶ ፖርት 2 ወደ 0 ዲቢኤም ወጣ። ከፖርት 2 የሚወጣው በ20 ዲቢ አቴኑዌተር ስለሚያልፍ የአምፕሊፋየሩ ውጤት ላይ የሚያርፈው −20 ዲቢኤም ብቻ ነው፤ አይጎዳውም። ሁለተኛ፣ አይኤፍ ባንድዊድዙ ከ30 ወደ 1 ኪሎኸርዝ ወረደ፤ ይህ ብቻውን ድምፁን በ15 ዲቢ ይቀንሳል። በ201 ነጥብ አንድ ስዊፕ (ባንዱን ከዳር እስከ ዳር መቃኘት) የሩብ ሴኮንድ ያህል ሆነ፤ ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም። ሳሩ ጠፋ።

የኋላው መንገድ ጨርሶ የማያስፈልግ ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። ኤስ11 እና ኤስ21ን ብቻ የሚያርም የአንድ አቅጣጫ ካሊብሬሽን ከተመረጠ ኤስ12 ወደ ስሌቱ አይገባም። የፖርት 2ን ነጸብራቅ ስለማያርም ግን ትክክለኛነቱ በአቴኑዌተሩ ጥራት ላይ ይንጠለጠላል።

ካሊብሬሽን በየትኛው ፓወር?

የላቦራቶሪው ሰዎች የተከራከሩበት ነጥብ ይህ ነው። በ−30 ዲቢኤም የሚለካ ከሆነ ካሊብሬሽኑም በ−30 መሠራት አለበት የሚል ወገን ነበር። እንዲህ ሲደረግ የፖርት 2 ኦፕንና ሾርት በ20 ዲቢ አቴኑዌተር በኩል ሄደው ስለሚመለሱ −70 ዲቢኤም ሆነው ይነበባሉ፤ በሰፊ ባንድዊድዝ ደግሞ ድምፁ ካሊብሬሽኑ ውስጥ ይቀረጻል። ካሊብሬሽን ውስጥ የገባ ድምፅ አቨሬጅ ቢደረግም አይወጣም፤ በኋላ በሚለካው ሁሉ ላይ እንደ ማኅተም ይታተማል።

ቪኤንኤ የሚያሳየው ጥምርታ ነው፤ የገባውና የወጣው ይካፈላሉ። ሪሲቨሮቹ መስመራዊ ክልላቸው ውስጥ እስካሉ ድረስ ካሊብሬሽን በ0 ዲቢኤም፣ ልኬት በ−30 ማድረግ ይቻላል፤ የተመረጠውም ይኸው ነው። ቅድመ ሁኔታ አለው። መሣሪያው ውስጡ ስቴፕ አቴኑዌተር ካለውና ፓወሩ ሲወርድ አቴኑዌተሩ የሚቀያየር ከሆነ ነገሩ ይለያል። በብዙ ባለ ስቴፕ አቴኑዌተር ቪኤንኤዎች የማጣቀሻው (የተላከውን ሲግናል የሚለካው) ሪሲቨር ከአቴኑዌተሩ በፊት ስለሚቀመጥ መቀየሩን አያየውም። መሣሪያው የአቴኑዌተሩን በስም የተጻፈ መጠን በሒሳብ ያካክሳል እንጂ ትክክለኛውን መጠን አያውቅም። ያኔ የፓወር ክልሉን በእጅ ቆልፎ በዚያው ክልል ውስጥ ካሊብሬት ማድረግ ነው። ፓወር ሲቀየር ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም የካሊብሬሽኑ ምልክት ስክሪኑ ላይ ከተለወጠ ክልሉ ተዘሏል ማለት ነው።

አደጋም አለው፦ ካሊብሬሽኑ በ0 አልቆ ፓወሩ ሳይወርድ አምፕሊፋየሩ ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ መሣሪያው ላይ ተለጠፈ። ካሊብሬሽኑ ካለቀ በኋላ አርኤፍ (መሣሪያው የሚልከው ሲግናል) ይጠፋል፤ የፖርት 1 ፓወር −30 ይደረጋል፤ ስቴቱ (የመሣሪያው አቀማመጥ) ይቀመጣል። ከዚያ የአምፕሊፋየሩ ውጤት ከአቴኑዌተሩ ጋር፣ ቀጥሎ ግቤቱ ከፖርት 1 ጋር ይታሰራል። 12 ቮልቱ ይበራል፤ የሚስበው አምፔር ይታያል፤ ትክክል ከሆነ አርኤፍ ይበራል። ሲፈታ በተቃራኒው ነው። ውጤቱ ያልታሰረ አምፕሊፋየር 12 ቮልት አይሰጠውም።

መብራት ሲሄድ

ፓወሩ −30 ከሆነ የአምፕሊፋየሩ ውጤት +6 ዲቢኤም ብቻ ነው። ፖርቱ +26 ይችላል። የላቦራቶሪው ረዳት ይህን ቆጥሮ፣ «መምህር፣ ታዲያ የፖርት 2 አቴኑዌተር ለምን አይነሳም? የውጤቱ ነጸብራቅ ኤስ22ም ጥርት ይላል» ብሎ ጠየቀ። ስሌቱ ልክ ነው። መምህሩ ግን፣ «መብራት ቢሄድስ?» ብለው መለሱለት።

በዚያው ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ቪኤንኤው ጠፋ። አምፕሊፋየሩ ግን አልጠፋም፤ 12 ቮልቱን የሚያገኘው ከባትሪ ነው፤ ባትሪው የተመረጠውም መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው እንዳይቋረጥ ነበር። መብራት ሲመለስ ቪኤንኤው ራሱ ተነስቶ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ገባ፦ 0 ዲቢኤም፣ አርኤፍ በርቷል። አምፕሊፋየሩ ወዲያው 1 ዋት መስጠት ጀመረ። 20 ዲቢ አቴኑዌተሩ በቦታው ስለነበር ፖርት 2 ያየው +10 ዲቢኤም ነው። ተነስቶ ቢሆን +30 ያርፍበት ነበር፤ ሰው ክፍሉ ውስጥ ባይኖርም ለሰዓታት ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ተደረገ። መሣሪያው ሲነሳ የፋብሪካውን ሳይሆን ላቦራቶሪው ያስቀመጠውን ስቴት እንዲጭን ተደረገ፤ በዚያ ስቴት ውስጥ ፓወሩ −30 ነው፣ አርኤፍ ጠፍቷል። ቪኤንኤው ዩፒኤስ ላይ ተሰካ። የባትሪው 12 ቮልት ደግሞ ከግድግዳው መብራት በሚነዳ ሪሌይ በኩል እንዲያልፍ ሆነ፤ መብራት ሲሄድ ይቋረጣል፣ ሲመለስም በእጅ ቁልፍ ካልተጫኑት አይመለስም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችል ሰው ሪሌዩን ይምረጥ፤ የተቀመጠ ስቴት በስህተት ይሰረዛል፣ የዩፒኤስ ባትሪም ያረጃል።

ሌላም መዘዝ አለ። ቪኤንኤ ጠፍቶ ሲነሳ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የቀድሞውን ካሊብሬሽን መልሶ መጫን ይቻላል፣ ማመን ግን አይቻልም። ቢያንስ ሎዱን (የማያንጸባርቀውን ጫፍ) እና ኦፕኑን አስሮ ማየት ያስፈልጋል።

ኮምፕረሽኑ የማን ነው?

በ0 ዲቢኤም በተለካው ጊዜ ፖርት 2 ላይ +10 ዲቢኤም ይደርስ ነበር። ይህ ፖርቱን አይጎዳም፤ ሪሲቨሩን ግን ሊያጨናንቀው ይችላል። የሪሲቨር ኮምፕረሽንና የአምፕሊፋየር ኮምፕረሽን ስክሪኑ ላይ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጌይኑን ዝቅ ያደርጋሉ። ለመለየት ሶርስ ፓወሩ ሳይነካ የውጤቱ አቴኑዌተር ከ20 ወደ 30 ዲቢ ተቀይሮ ካሊብሬሽኑ ተደገመ። ጌይኑ ከ30.0 ወደ 30.1 ዲቢ ወጣ። የሪሲቨሩ ድርሻ 0.1 ዲቢ ነበር ማለት ነው፤ የቀረው ሁሉ የአምፕሊፋየሩ ነው።

በዚሁ 30 ዲቢ የፓወር ስዊፕ ተሠራ። 30 ዲቢው የተገኘው 20 እና 10 ዲቢ ተቀጣጥለው ነው። ወደ አምፕሊፋየሩ የቀረበው ባለ 2 ዋቱ 20 ዲቢ ነው፤ ሙቀቱን ከሞላ ጎደል ሁሉን የሚወስደው የፊተኛው ስለሆነ ደካማው አቴኑዌተር ፊት አይደረግም። ፍሪኩዌንሲው 98 ሜጋኸርዝ ላይ ቆመ፤ ፓወሩ ከ−30 እስከ 0 ዲቢኤም በ1 ዲቢ እርምጃ ወጣ። ጌይኑ 36.2 ላይ ጸንቶ ቆየና ከ−12 በኋላ መውረድ ጀመረ፤ −6 ዲቢኤም ላይ 35.2 ሆነ። ውጤቱ +29.2 ዲቢኤም፣ 0.83 ዋት ነው። ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ድራይቨሩ ጤነኛ ነው።

ኤስ22 ለብቻው

ፖርት 2 ላይ ያለ 20 ዲቢ አቴኑዌተር ፖርት 1 ላይ እንዳለው ሁሉ ነጸብራቅን በእጥፍ ይበላል። ስለዚህ ኤስ22 በ10 ዲቢ አቴኑዌተር ለብቻው ተለካ፤ ኪሳራው 20 ዲቢ ብቻ ይሆናል። ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ +30 ሲቀነስ 10፣ +20 ዲቢኤም ስለሚሆን ፖርቱ ይተርፋል። የተገኘው −13 ዲቢ በዝቅተኛ ሲግናል የተለካ መሆኑ አብሮ ተጽፏል፤ አምፕሊፋየሩ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ የውጤቱ ኢምፒዳንስ ይህ አይደለም።

ጥፋቱ የተገኘበት

ድራይቨሩ ነፃ ከወጣ በኋላ ቀሪው ከኤክሳይተሩ (የኤፍኤም ሲግናሉን ከሚያመነጨው ክፍል) ወደ ድራይቨሩ የሚሄደው አንድ ሜትር ተኩል ኬብል ነበር። ኬብል ፓሲቭ ነው፤ አይጠግብም፤ ስለዚህ ፓወሩ ወደ 0 ዲቢኤም ተመለሰ፣ አቴኑዌተሮቹም ወጡ። የዚህ ዓይነት አርጂ-58 ኬብል በ100 ሜጋኸርዝ በዚህ ርዝመት ሩብ ዲቢ ያህል ቢያጣ ነው። ይህኛው 4.3 ዲቢ አጣ። አንዱ ኮኔክተር አጠገብ በጣት ሲነካ መስመሩ ይዘላል። ሲከፈት የውጭው ሽቦ ጥልፍ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ በጅማ እርጥበት መጠቅለያ ያልተደረገለት ኮኔክተር የሚጠብቀው ዕጣ ነው።

ቁጥሩ ይገጥማል። −6 መድረስ የነበረበት ሲግናል −10.3 ዲቢኤም ሆኖ ሲደርስ ድራይቨሩ +25.8 ያህል፣ ማለትም 0.38 ዋት ይሰጣል። ጣቢያው ያየው ከግማሽ በታች ይህ ነው። ኬብሉ ተቀየረ፤ ኮኔክተሩ ላይ ውኃ የማያስገባ ቴፕ ተጠቀለለ፤ ድራይቨሩ ወደ 0.8 ዋት ተመለሰ።

ለሌላ ሥራ የሚወሰዱ ነጥቦች

ጌይን በፓወር መለወጥ የለበትም። ስለዚህ አምፕሊፋየር በተለካ ቁጥር ፓወሩን በ10 ዲቢ ዝቅ አድርጎ መስመሩን ማየት በቂ ፈተና ነው። ከተንቀሳቀሰ የተነበበው ቁጥር የአቀማመጡ ነው። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እዚህ ጉዳይ ላይ መጀመሪያውኑ ቢደረግ ትራንዚስተር አይታዘዝም ነበር።

የፖርት ስሌት የሚሠራው በታሰበው ፓወር ሳይሆን መሣሪያው ሲነሳ በሚሰጠው ፓወር ነው። አምፕሊፋየሩ የሚችለውን ከፍተኛ ውጤት መውሰድ፣ ከሱ ላይ አቴኑዌተሩን መቀነስ፣ የቀረውን ፖርቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ማወዳደር፤ ቢያንስ የ6 ዲቢ ትርፍ መያዝ። ውስጣዊ የሪሲቨር አቴኑዌተር ያላቸው መሣሪያዎች እዚህ ላይ ያታልላሉ። ያ አቴኑዌተር ሪሲቨሩን ከመጨናነቅ ያድናል እንጂ ከሱ በፊት ያለውን የፖርት ካፕለር (ከሲግናሉ ጥቂቱን ለሪሲቨሩ የሚያካፍለውን ክፍል) አያድንም፤ የፖርቱ ወሰን ያው ነው።

አቴኑዌተር ፖርት 1 ላይ የሚገባው ሶርሱ በቂ ዝቅ ማለት ካልቻለ ብቻ ነው፤ ሲገባም ኤስ11 የሚነበብ ከሆነ ከ3 እስከ 6 ዲቢ ይበቃል፣ ካሊብሬሽኑም ከጫፉ ይሠራል።

ለፊልተር፣ ለኬብልና ለአንቴና የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። 80 ዲቢ የሚያፍን ፊልተር በ−30 ዲቢኤም ቢለካ ማፈኛው ክልል በድምፅ ይሞላል፤ በ0 ዲቢኤምና በ100 ኸርዝ ባንድዊድዝ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል።

ተማሪዎች እጅ ላይ ያለው ትንሹ ናኖ ቪኤንኤ ይህን ድራይቨር ይለካ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ይለካል፣ በጥንቃቄ። ፓወሩ −10 ዲቢኤም አካባቢ ስለሆነ ያለ አቴኑዌተር ድራይቨሩን ወደ +26 ዲቢኤም ይወስደዋል፤ ይህም ለትንሹ ሪሲቨር እጅግ ብዙ ነው። የሚስተካከለውም በዲቢኤም ሳይሆን በ2፣ 4፣ 6 እና 8 ሚሊአምፔር ደረጃዎች ነው። ስለዚህ ኤስ21 ሲለካ 20 ዲቢ ግቤት ላይ፣ 30 ዲቢ ውጤት ላይ ይደረግና ካሊብሬሽኑ በሁለቱ መካከል ይሠራል፤ በዚያ አቀማመጥ የሚታየው ኤስ11 አይነበብም። ኤስ11 የሚለካው የግቤቱ አቴኑዌተር ወጥቶ በ2 ሚሊአምፔር ነው፤ ውጤቱ ላይ ያለው 30 ዲቢ ግን አይነሳም። በተጨማሪም ይህ መሣሪያ የሚያወጣው ስኩዌር ዌቭ ስለሆነ ሦስተኛው ሃርሞኒክ (ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሲግናል) አብሮ ይገባል፤ ከመሣሪያውና ከግቤቱ አቴኑዌተር መካከል 120 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚቆርጥ ሎው ፓስ ፊልተር ካሊብሬሽኑ ከመሠራቱ በፊት መግባት አለበት።